ፈላጊዎቹ ሲፈለጉ

ራዲዮ በጓንት አይጠገንም። ሽቦው ቀጭን ነው፣ ብሎኑ ትንሽ ነው፣ ጣት ካልነካው አይታዘዝም። ሎረን ሃዋርዝ ይህን ስለሚያውቅ ጓንቱን አወለቀ።

የተቀመጠው ለሁለት በተጎመደ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ነው። ክፍት የቀረውን በኩል በሸራ ቢጋርዱትም ነፋሱ ዱቄት የመሰለውን በረዶ በየስንጥቁ ያስገባል። በዚያ ቅዝቃዜ ባዶ ጣት ብረት ሲነካ ቆዳው ብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ሲያላቅቁት ይላጣል። የዊስኮንሲኑ የራዲዮ ሠራተኛ ጣቶች በውርጭ ተመትተው ነበር። ያም ሆኖ በአደጋው የተሰባበረውን ራዲዮ ቀጣጥሎ ሥራ አስጀመረው። ከግሪንላንድ የበረዶ ሜዳ ላይ ዘጠኝ ሰዎች «አለን» አሉ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1942 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1935 ዓ.ም.። ሃዋርዝና ስምንቱ ባልደረቦቹ ወደዚያ በረዶ የሄዱት ሊዋጉ አልነበረም። ከአራት ቀን በፊት የጠፉ አምስት ሰዎችን ለመፈለግ ነበር። አሁን እነርሱም ከሚፈለጉት ተቆጠሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ወራት እነርሱን ሊያነሱ የመጡ ሰዎችም በተራቸው ወደቁ።

ይህ ታሪክ የጀግንነት ታሪክ ሆኖ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ መነገሩም ይገባዋል። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ሒሳቡ ነው። አውሮፕላኑ በረዶው ላይ ሲወድቅ ከዘጠኙ ሰዎች አንድም አልሞተም። መጀመሪያ የጠፋው አውሮፕላን አምስት ሰዎችም ከወደቁ በኋላ በራዲዮ ተናግረዋል። በመጨረሻ ግን የሟቾቹ ቁጥር አሥር ደረሰ። በጦርነት ዘመን ክረምት ውስጥ የወደቀ አውሮፕላን የሚገድለው በመሬቱና በአፍንጫው መካከል በምትገኘው ቅጽበት ብቻ አይደለም። ዋናው አደጋ የሚጀምረው ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

የበረዶ ኳስ መንገድ

አሜሪካውያን ግሪንላንድ ምን ይሠሩ ነበር? ናዚ ጀርመን ዴንማርክን የያዘችው ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ነው። የዴንማርክ ግዛት የሆነችው ግዙፍ ደሴት ያኔ ጠባቂ አጣች። ልክ በዓመቱ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1941፣ በዋሽንግተን የዴንማርክ ዲፕሎማት የነበሩት ሄንሪክ ካውፍማን በጠላት እጅ ያለውን መንግሥታቸውን ፈቃድ ሳይጠብቁ ከአሜሪካ ጋር ውል ተፈራረሙ። አሜሪካ በደሴቲቱ ላይ የጦር ሰፈር እንድትሠራ ተፈቀደላት።

የተፈለገው ማረፊያ ነበር። በአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚሠሩት አውሮፕላኖች እንግሊዝ መድረስ አለባቸው። በመርከብ ቢጫኑ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ይጠብቋቸዋል። በአየር ቢሄዱ ደግሞ የብዙዎቹ ነዳጅ አትላንቲክን በአንድ ትንፋሽ አያሻግርም። ስለዚህ መንገዱ እንደ ደረጃ ተከፋፈለ፤ ከሜይን ግዛት ወደ ካናዳዋ ላብራዶር፣ ከላብራዶር ወደ ግሪንላንድ፣ ከግሪንላንድ ወደ አይስላንድ፣ ከዚያ ወደ ስኮትላንድ። በራሪዎቹ ይህን መንገድ «የበረዶ ኳስ» አሉት።

ስሙ ቀልድ ይመስላል፤ መንገዱ ግን ቀልድ አያውቅም። ከግሪንላንድ ምድር አምስት እጅ ቢሆን አራቱ በበረዶ የተሸፈነ ነው። የበረዶው ስፋት 1.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የኢትዮጵያን ስፋት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያህላል። ውፍረቱ መሀሉ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አብራሪዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ ሃያዎቹን ገና ያላጋመሱ፣ በቴክሳስና በካሊፎርኒያ ፀሐይ ሥር ሥልጠናቸውን ጨርሰው የመጡ ልጆች ነበሩ።

ኖቬምበር 5 ቀን 1942 ሲ-53 የተባለ ወታደራዊ የማመላለሻ አውሮፕላን ከአይስላንድ ወደ ግሪንላንድ ሲመለስ አምስት ሰዎች እንደያዘ በረዶው ላይ ወረደ። ሲ-53 ለእኛ ባዕድ አውሮፕላን አይደለም። ከጦርነቱ ተርፎ በ1946 የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመጀመሪያ በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ካይሮ ያደረሰው ሲ-47 የእርሱ መንትያ ወንድም ነው። ሁለቱም የዳግላስ ኩባንያ የዲሲ-3 ልጆች ናቸው። ጠንካራ፣ ታዛዥ፣ ሜዳ ካገኘ የትም የሚያርፍ አውሮፕላን ነው። ሰዎቹ ከወረዱ በኋላ በራዲዮ መገናኘታቸውም የጥንካሬው ምስክር ነው። ነገር ግን ራዲዮው የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ባትሪ ደግሞ በብርድ ቶሎ ይደክማል። ከቀናት በኋላ ድምፃቸው ጠፋ።

ወተት ውስጥ መብረር

የፍለጋ ትእዛዝ በመንገዱ ላይ ለሚያልፉ አውሮፕላኖች ሁሉ ተላለፈ። ከነዚህ አንዱ ወደ እንግሊዝ እየሄደ የነበረ አዲስ ቢ-17 ቦምብ ጣይ ነው። አዛዡ አርማንድ ሞንቴቨርዴ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው ነበር። ኖቬምበር 9 ቀን፣ በእኛ ጥቅምት 30፣ በደቡብ ምሥራቅ ግሪንላንድ ኮጌ ቤይ በተባለው የባሕር ሰርጥ አካባቢ የተመደበለትን ክልል ሲያስስ ሳለ ሰማዩ ተዘጋ።

በዚያ አካባቢ የበረሩ ሰዎች ሁኔታውን ወተት ውስጥ እንደ መብረር ነው ይላሉ። ከላይ ያለው ደመና ነጭ ነው፣ ከታች ያለው መሬት ነጭ ነው፣ በመካከል የሚወርደው ብናኝ ነጭ ነው። ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ተበትኖ ስለሚመጣ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ጥላ ከሌለ ጉብታና ጉድጓድ አይለይም። አድማስ ከሌለ ደግሞ ዓይን ሰማዩ የት አልቆ መሬቱ የት እንደሚጀምር ሊናገር አይችልም።

«መሣሪያው አለ አይደል?» ሊባል ይችላል። የዚያ ዘመን የከፍታ መለኪያ ግን የሚለካው ከመሬት ያለውን ርቀት አልነበረም፤ የአየርን ግፊት ነበር። ከፍታ ሲጨምር ግፊት ይቀንሳል፤ መሣሪያው ይህን ተርጉሞ በቁጥር ይናገራል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ የታመቀ ስለሆነ ግፊቱ ከፍ ባሉ ቁጥር ቶሎ ይወርዳል። መሣሪያው በዚህ ተታልሎ አውሮፕላኑ ካለበት በላይ ከፍ ያለ ያስመስለዋል። በዚያ ላይ የግሪንላንድ በረዶ ጠፍጣፋ ሜዳ አይደለም። ከባሕሩ ዳር ጀምሮ ወደ መሀል ቀስ እያለ የሚነሳ ዳገት ነው። አብራሪው አቅጣጫውን ሳይለውጥ፣ ከፍታውን ሳይቀንስ ይበርራል፤ መሬቱ ነው ወደ እርሱ የሚወጣው።

የሞንቴቨርዴ አውሮፕላን በዚህ ሁኔታ በረዶውን ገጨ። ተንሸራተተ፣ ወገቡ ላይ ተቆረጠ፣ ቆመ። አንደኛው ሰው እጁ ተሰበረ፣ ሌሎቹ ተፈነካከቱ፣ ሁሉም ግን ተነፈሱ።

ያረፉበትን ቦታ ያወቁት ቀስ በቀስ ነው። ረዳት አብራሪው ሃሪ ስፔንሰር አካባቢውን ሊያይ ጥቂት ራመድ እንዳለ መሬቱ ከሥሩ ተከፈተ። ሠላሳ ሜትር ያህል ወርዶ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል በተሰነቀረ የበረዶ ቁራጭ ላይ አረፈ። ባልደረቦቹ በፓራሹት ገመድ ጎትተው አወጡት። የአውሮፕላኑ የኋላ ቁራጭ ሥርም ሌላ ስንጥቅ ነበር። ቤታቸው የተሠራው በገደል አፍ ላይ ነው።

በረዶ አንድ ቃል አይደለም

እዚህ ላይ ቋንቋችን ትንሽ ያስቸግረናል። እኛ በሐምሌ ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ ራስ ዳሸን ላይ አንዳንዴ የሚነጣውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም በረዶ እንለዋለን። በቂያችን ነው፤ ብዙ አላስቸገረንም። የዚህን ታሪክ ሞት ለመረዳት ግን ሦስቱን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የሚዘንበው ነው፤ ከአየር የሚወርድ፣ እንደ ጥጥ የቀለለ። እርሱ ዓይን ይነሳል። ሁለተኛው የሚከማቸው ነው። ነፋስ እየጠረገ ያመጣዋል፣ በቦታው ይቆልለዋል፣ ላዩ ሲጠነክር ሰው ይሸከማል፤ አንዳንዴም አይሸከምም። እርሱ ጉድጓድ ይደብቃል። ሦስተኛው ከሥር ያለው ነው፤ በሺህ ዓመታት ክብደት ተጨምቆ እንደ መስታወት የጠጠረ። እርሱ ደግሞ ይሄዳል። በዓይን አይታይም እንጂ የራሱ ክብደት እየገፋው ወደ ባሕር ይፈስሳል። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ እንደ ደረቅ ጭቃ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት አለው። በላዩ የተከማቸው ለስላሳ በረዶ ግን አፉን ሸፍኖ ድልድይ ይሠራል። ከላይ የሚያይ ሰው ንጹሕ ሜዳ ነው የሚያየው።

ስለዚህ ከባሕሩ ዳር ያለው በረዶ ለማረፍ የሚጋብዝ፣ ለመራመድ የማይፈቅድ መሬት ነው። ሞንቴቨርዴና ሰዎቹ ወደ ባሕሩ ሄደው መርከብ ሊጠብቁ አልቻሉም። በዚያው ሰሞን በሌላ አውሮፕላን የወደቁ ሦስት ካናዳውያን ግን በእግራቸው ወጡ፤ ከወደቁ ከ13 ቀናት በኋላ፣ ኖቬምበር 23፣ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ መርከብ አገኛቸው። መቆየት ነው ወይስ መሄድ የሚያድነው? በረዶው ለአንዱ ያደረገውን ለሌላው አያደርግም፤ መልሱም የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው።

በስብርባሪው ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰዓት ይቆጥር ነበር። የአቅጣጫ መሪው መኮንን ዊልያም ኦሃራ እግሮች በውርጭ ተመትተዋል። ሰውነት ሲበርደው ደሙን ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይሰበስባል፤ ጣትና እግርን ለብርዱ ይሠዋል። መጀመሪያ ያማል። ቀጥሎ መታመሙን ያቆማል፤ የሚያስፈራውም ያኔ ነው። ቆዳው ይነጣል፣ ይጠቁራል፣ ሥጋው ይሞታል። ሐኪም በሌለበት ባልደረቦቹ ማድረግ የሚችሉት እግሩን በእጃቸው ማሞቅ ነበር።

እኛ ቀኑን አሥራ ሁለት፣ ሌሊቱን አሥራ ሁለት ብለን ከፍለን የምንቆጥረው ፀሐይ ታማኝ ስለሆነችልን ነው። እዚያ በኅዳር ፀሐይ ለጥቂት ሰዓታት ብቅ ብላ ትመለሳለች። የፍለጋ አውሮፕላን ሊበር የሚችለው በዚያች ጭላንጭል ነው፤ እርሷም ማዕበል ካልነጠቃት።

ዳክዬዋ

የሃዋርዝ ራዲዮ ውጤት ያሳየው በዚህ መካከል ነው። በዓይን ሳይሆን በጆሮ፣ ቦታቸው እየጠበበ መጣ። ኮሎኔል በርንት ባልከን ከአየር አያቸው። ባልከን በኖርዌይ የተወለደ፣ በ1929 ከአድሚራል በርድ ጋር በደቡብ ዋልታ ላይ ከበረሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ፣ በረዶን እንደ ሠፈሩ የሚያውቅ ሰው ነበር። ምግብና ልብስ ጣለላቸው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የት ናቸው የሚለው መሆኑ ቀረ፤ እንዴት ይውጡ የሚል ሆነ።

ሁለት መንገድ ተሞከረ፤ አንዱ በምድር፣ ሌላው በአየር።

በምድር የመጡት ሌተናንት ማክስ ዴሞረስትና ሳጅን ዶን ቴትሊ ናቸው፤ ሞተር ባላቸው ሁለት የበረዶ ተንሸራታቾች። ዴሞረስት የበረዶ ግግር ተመራማሪ ነበር። በረዶ እንዴት እንደሚፈስስ፣ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ለማጥናት ሕይወቱን የሰጠ ምሁር ነው።

በአየር የመጣው ኖርዝላንድ ከተባለችው የባሕር ዳርቻ ጥበቃ መርከብ የተነሳው ሌተናንት ጆን ፕሪቻርድ ነው። የሚያበራት ትንሽ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በውኃም በመሬትም የምታርፍ ስለሆነች ስሟ ዳክዬ ነበር። ፕሪቻርድ ካናዳውያኑን ያዳነውን ቡድን የመራው ከጥቂት ቀናት በፊት ነው። ኖቬምበር 28 ቀን ከራዲዮ ሠራተኛው ቤንጃሚን ቦተምስ ጋር ተነሳ። ጎማውን ሳያወጣ፣ ውኃ ላይ እንደሚያርፍ ሁሉ በተንሳፋፊው ሆዷ በረዶው ላይ አረፈ። በእግሩ ወደ ስብርባሪው ሄዶ ሁለት ሰዎች ይዞ ተመለሰ። ሲነሳ ቀኑ መሽቶበት ነበር። መርከቧ የፍለጋ መብራቶቿን ሁሉ አብርታ ጠበቀችው፤ በጨለማ ባሕር ላይ አርፎ ሁለቱን ሰዎች አስረከበ።

በማግስቱ ጠዋት ተመለሰ። በዚያው ሰዓት ዴሞረስት ተንሸራታቹን ወደ ስብርባሪው እያቀረበ ነበር። ጥቂት ርምጃ ሲቀረው ከሥሩ የነበረው የበረዶ ድልድይ ተናደ። ተመራማሪው ከነሞተሩ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ጠሩት፤ መልስ አልመጣም። ዕውቀት ድልድዩን ሊያሳየው አልቻለም፤ የተደበቀ ነገር ለሚያውቀውም ለማያውቀውም እኩል ነው የተደበቀው።

ፕሪቻርድ ይህን ሲሰማ ከመርከቡ ሰውና ገመድ ለማምጣት ወሰነ። ባዶ እንዳይመለስ አንድ ሰው አሳፈረ። የተሳፈረው ሃዋርዝ ነው፤ ራዲዮውን የጠገነው።

ጭጋግ ቀደማቸው። ከአውሮፕላኗ የመጣው የመጨረሻ ጥሪ አቅጣጫ ንገሩን የሚል ነበር። በዚያ አካባቢ የምድር ማግኔት ዋልታ ቅርብ ስለሆነ የኮምፓስ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን ርቆ ይጠቁማል። ነጭ ውስጥ ለገባ አብራሪ የቀረችው ተስፋ ከመርከብ የሚላክ የራዲዮ ምልክት ናት። ዳክዬዋ አልደረሰችም። ቆይቶ አንድ ቦምብ ጣይ ከአየር ላይ ስብርባሪዋን አየ፤ በዙሪያው የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

ሁለት ጉድጓድ፣ ስድስት ሰው

ከዚያ በኋላ ስብርባሪው ውስጥ የቀሩት ሰባት ናቸው፤ ስድስቱ የአውሮፕላኑ ሰዎች፣ ሰባተኛው ሊያድናቸው የመጣው ቴትሊ። የኦሃራ እግሮች ጊዜ አልሰጧቸውም። ዲሴምበር 7 ቀን፣ አሜሪካ በፐርል ሃርበር ከተመታች ልክ በዓመቱ፣ ቴትሊ በቀረው ተንሸራታች ኦሃራን ጭኖ ጉዞ ጀመረ። ስፔንሰርና ክላረንስ ዌደል አብረው ሄዱ። ዌደል መካኒክ ነበር። በአውሮፕላኑ የተሳፈረው እንደ መንገደኛ ነው፤ እንግሊዝ መድረስ ብቻ ነበር ሐሳቡ። ብዙ ሳይርቁ ሌላ ድልድይ ተናደ፤ ዌደል ከዓይናቸው ተሰወረ።

ሦስቱ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደሄዱ ሞተሩ ቆመ። በረዶውን ቆፍረው ዋሻ ሠሩ። በስብርባሪው በኩልም ሞንቴቨርዴን ጨምሮ ሦስት ሰዎች ቀሩ። በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ያለው ርቀት ጤነኛ ሰው በደህና ሜዳ በግማሽ ቀን የሚሄደው ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ግን አንዱ ወገን ወደ ሌላው ሳይደርስ ክረምቱ አለፈ።

በሕይወት ያቆያቸው ሰማዩ ሲከፈት የሚመጣ አንድ ቢ-17 ነበር። ዝቅ ብሎ ምግብ፣ ነዳጅና ልብስ ይጥላል፤ የጣለውን ነፋሱ ይዞት የሚሄድበት ጊዜም ነበር። በረዶ ውስጥ የተቆፈረ ዋሻ እንደ ቤት ያገለግላል፤ ነፋስ አያስገባም፣ የትንፋሽን ሙቀት ይይዛል። ግን ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ መኝታው ይረጥባል፣ መውጫው በየማዕበሉ ይደፈናል። በየጊዜው ራስን ከመቃብር መቆፈር ነው።

በሆዱ ያረፈው

መፍትሔውን ያመጣው ባልከን ነው። ካታሊና የሚባለው የባሕር ኃይል አውሮፕላን የተሠራው ውኃ ላይ ለማረፍ ነው፤ ሆዱ እንደ ጀልባ ነው። ባልከን ያሰበው ቀላል ነገር ነበር፤ ውኃ ላይ የሚንሸራተት ጀልባ በረዶ ላይስ ለምን አይንሸራተትም? የካታሊና ሰዎች ይህን ሲሰሙ መጠራጠራቸው አይገርምም። እንዲህ ዓይነት ከባድ አውሮፕላን በዚያ መልክ በረዶ ላይ ማሳረፍ በልማድ የሚሠራ ሥራ አልነበረም። አንድ ተጨማሪ ችግርም አለ። ሆዱ ሲንሸራተት ይሞቃል፣ በረዶውን በስሱ ያቀልጣል፤ ሲቆም ያ ውኃ ተመልሶ ይረጋና አውሮፕላኑን ከመሬቱ ጋር ያጣብቀዋል።

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1943፣ በእኛ ጥር 28፣ ካታሊናው በሞተር ተንሸራታቹ ዋሻ አጠገብ በሆዱ አረፈ። ኦሃራ፣ ስፔንሰርና ቴትሊ ወጡ። አውሮፕላኑ ከወደቀ 88ኛው ቀን ነበር። ኦሃራ ተረፈ፤ ሁለቱ እግሮቹ ግን አልተረፉም።

የስብርባሪው ሦስት ሰዎች ገና ቀርተዋል። በእነርሱ አጠገብ ስንጥቁ ስለበዛ አውሮፕላን ማሳረፍ አይቻልም። በማርች ወር ካታሊናው ሰዎችና ውሾች አመጣ። የውሻ ጋሪው በስንጥቆቹ መካከል መንገድ እየፈለገ ስብርባሪው ጋ ደረሰ፤ ሦስቱን ወደ ማረፊያው አመጣ። ካታሊናው ሊወስዳቸው ሲመጣ መጀመሪያ ጭነቱ ከብዶት መነሳት አቃተው፤ ሞተሩም አስቸገረ። በማግስቱ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1943፣ ባልከንን ጨምሮ አንዳንዶቹ ጭነት ለማቅለል በረዶው ላይ ቀሩና ሦስቱ ተነሱ። ከወደቁ 148 ቀናት ሞልቷቸዋል። በጥቅምት መጨረሻ የገቡበትን በረዶ የለቀቁት በመጋቢት መጨረሻ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ከዚህኛው አውሮፕላን ጋር በተያያዘ የሞቱት አምስት ናቸው፤ ፕሪቻርድ፣ ቦተምስ፣ ሃዋርዝ፣ ዴሞረስትና ዌደል። አምስቱም በፍለጋ ወይም በማዳን ጉዞ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እንላለን፤ እዚያ በረዶ ላይ መድኃኒቱ ዋጋ አለው፣ ዋጋውም በሰው ነው የተከፈለው። «ታዲያ ባይሄዱስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ በተረፉት ቁጥር ውስጥ አለ፤ ከዘጠኙ ሰባቱ አገራቸው ገብተዋል። ባይሄዱ ኖሮ የሚተርፍ አልነበረም።

በሐምሌና በኅዳር መካከል

ያው በረዶ፣ በዚያው ዓመት፣ ሌላ ፊት አሳይቶ ነበር። ጁላይ 15 ቀን 1942 ስድስት ፒ-38 ተዋጊ አውሮፕላኖችና ሁለት ቢ-17ዎች ወደ አይስላንድ ሲሄዱ አየሩ ተዘግቶባቸው ተመለሱ፤ ነዳጃቸው አልቆ በረዶው ላይ አረፉ። የመጀመሪያው ጎማውን አውጥቶ ሲነካ ተገለበጠ። ሌሎቹ ይህን አይተው በሆዳቸው አረፉ። ሰዎቹ 25 ነበሩ፤ ሁሉም በቀናት ውስጥ በሕይወት ወጡ። ልዩነቱ የአብራሪ ችሎታ አልነበረም። እዚያ በሐምሌ ፀሐይ ከሰማይ ብዙም አትጠፋም፤ ፈላጊ ያያል፣ የወደቀ ሰው አይበርደውም ባይባልም አይሞትም። በአራት ወር ልዩነት ያው ስህተት የቀናት ወሬ ከመሆን ወደ ወራት እስራት ተለወጠ።

አውሮፕላኖቹ ግን እዚያው ቀሩ። በ1980ዎቹ ሊፈልጓቸው የሄዱ አሜሪካውያን በረዶውን ጠረግ ጠረግ አድርገው የሚያገኟቸው መስሏቸው ነበር። በ1988 ሲገኙ ግን የነበሩት ከ80 ሜትር በላይ በሆነ በረዶ ሥር ነው። በየክረምቱ የዘነበው ተቆልሎ፣ ተጨምቆ፣ ወደ ድንጋይነት ተለውጦ ነበር። በ1992 በረዶውን በሙቅ ውኃ እያቀለጡ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ አንዱን ፒ-38 ፈትተው በቁርጥራጭ አወጡት። አሥር ዓመት ሲጠገን ቆይቶ ኦክቶበር 26 ቀን 2002 በኬንታኪ ሰማይ ላይ በረረ።

የሚመልስና የማይመልስ

በረዶ ቀባሪ ብቻ አይደለም፤ አጓጓዥም ነው። የሚፈስስ ስለሆነ የዋጠውን ይዞ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ያስረክባል። በኮሪያ ጦርነት ዘመን፣ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ተራሮች ላይ በምሽግ በነበሩበት ወራት፣ አንድ ሲ-124 የጭነት አውሮፕላን 52 ሰዎች ይዞ ከዋሽንግተን ግዛት ወደ አላስካ ይሄድ ነበር። ኖቬምበር 22 ቀን 1952 ጋኔት ተራራን ገጨ። ፈላጊዎች ደርሰው ስብርባሪውን አይተውት ነበር፤ በረዶው ግን ቶሎ ሸፈነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ በጁን 2012 የአላስካ ብሔራዊ ዘብ ሄሊኮፕተር ከዚያ በኪሎ ሜትሮች ርቆ ኮሎኒ በተባለው ግግር ላይ የተበተነ ብረት አየ። ከዚያ ወዲህ በየበጋው ወታደሮች እየወጡ አጥንት፣ ቀለበትና ልብስ ይለቅማሉ። አባታቸውን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ልቅሶ ተቀምጠዋል።

የፕሪቻርድ ዳክዬም ተፈልጋለች። በ2012 የባሕር ዳርቻ ጥበቃው የተሳተፈበት ጉዞ ኮጌ ቤይ ላይ በራዳር ከመረመረ በኋላ በረዶውን ሰርስሮ ካሜራ አስገባ፤ ከሥር የአውሮፕላን አካል ማየቱን አስታወቀ። የሦስቱ ሰዎች አስከሬን ግን አልወጣም። ሃዋርዝ አሁንም ወደ መርከቡ መንገድ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚቀድሙት አምስቱ ናቸው፤ ኖቬምበር 5 ቀን የወደቀው የሲ-53 ሰዎች። ሞንቴቨርዴ የበረረው ለእነርሱ ነው። ፕሪቻርድ የወረደው፣ ዴሞረስት ተንሸራታቹን ያስነሳው፣ ባልከን ካታሊናውን በሆዱ ያሳረፈው፣ ሁሉም በእነርሱ ፍለጋ ከተጀመረ መንገድ ላይ ነው። አምስቱን እስከ ዛሬ ያገኘ የለም።